ገና 28 ሲሆን

ገና መቼ ነው ብንላችሁ «ታኅሣሥ 29» ትላላችሁ። በአራት ዓመት አንዴ ግን ትሳሳታላችሁ።

ሊቃውንቱ ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ልደት 275 ቀን ይቆጥራሉ። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ይተርፋል፤ ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 ዓ.ም ላሊበላ «ቤዛ ኩሉ» የተዘመረው በዚሁ ቀን ነው። 29ን ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም የላስታን ተጓዥ በማግስቱ ባደረሰው ነበር።

እኛ ጋ ብቻ አይደለም። የማይክሮሶፍቱ አዙር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ዓመቱ ላይ አንድ ደምሮ «ፌብሩዋሪ 29፣ 2013» የሚል የሌለ ቀን ጻፈ፤ አገልግሎቱም ለሰዓታት ተቋረጠ።

ፕሮግራመር ወዳጆቻችን፣ ሦስት ዓመት የሠራ ኮድ ገና አልተፈተነም። አራተኛውን ሞክሩ፤ የ2020 ገና 28 ነው!