ሀርጌሳ ስደተኛ የነበረችበት ዘመን

ሀርጌሳ መሃል ከተማ ከፍ ባለ መደብ ላይ የቆመ የሚግ አውሮፕላን አለ። እኛ ነጋዴዎች በየቀኑ በሥሩ እናልፋለን፤ «ከሚጉ ጋ እንገናኝ» እንባባላለን። ታሪኩ ግን እኛንም እንደሚነካ ያስተዋልን ጥቂቶች ነን።

በ1988 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሚያዝያ ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሲያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላይረዳ ተስማሙ። ኢትዮጵያን መቀመጫ ያደረጉት የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች መጠጊያ ሲያጡ፣ በግንቦት መጨረሻ ወደ ቡርኦና ወደ ሀርጌሳ ገቡ። የሲያድ ባሬ ጦር ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከዚያው ከሀርጌሳ ማረፊያ ነበር። ሕዝቡ ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ።

ከጂጂጋ ወዲህ ሀርቲሼክ ላይ የተተከለው መጠለያ በአንድ ወቅት ከ250 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ከዓለም ትልቁ የስደተኞች ሰፈር ተብሏል። የተዘጋው በ2004 ነው። የእኛ ሙያ ሰዎች ሀርቲሼክን የሚያውቁት በኮንትሮባንድ ሬዲዮና በልባሽ ጨርቅ ነው፤ ያ ገበያ የቆመው ግን በስደተኛ ጉልበት ነበር።

ከዚያ ተራው ወደኛ ዞረ። በመስከረም 2011 የሶማሌላንድ መንግሥት መኖሪያ ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው በአንድ ወር ውስጥ እንዲወጣ አዘዘ። ወረቀት ከሌለው አብዛኛው የእኛ ሰው ነበር። በነሐሴ 2012 መጨረሻ ደግሞ ሴትና ሕፃናት ያሉባቸው ከ50 በላይ ኢትዮጵያውያን በግድ ወደ ድንበር ተመለሱ፤ ከመካከላቸው የተመዘገቡ ስደተኞች ነበሩ።

በዚያ ሰሞን የያዘን እድራችን ነው። እድር መጀመሪያውኑ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች በማያውቁት ከተማ እንዳይወድቁ የፈጠሩት ነው ይባላል፤ ስለዚህ ስደትን አሳምሮ ያውቃል። ለቀብር የተዋጣው ገንዘብ ለታሰረ ሰው ምግብና ለአስተርጓሚ ዋለ። ይህን ለማድረግ ረጅም ክርክር ነበረብን፤ ሽማግሌዎቹ «የሙት ገንዘብ አይነካም» ብለው ነበር። የጎረቤት ሶማሌዎችን ምስክርነት የመጠየቁን ሐሳብ ያመጡት ሴቶቹ ናቸው። ሻይና እንጀራ የሚሸጡት እነሱ ስለሆኑ በየደጁ ማን ደግ እንደሆነ ያውቃሉ።

አከራዬ ያኔ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ፤ «ኤዶ» እላቸዋለሁ፣ አክስቴ ለማለት። አንድ የሰፈር ጎረምሳ በራችን ላይ ቆሞ «ሐበሻ፣ አገርህ ግባ!» እያለ ሲጮህ ወጡና ክንዱን ያዙት።

«አንተ የት ነው የተወለድከው?»

ልጁ ዝም አለ። ደግመው ጠየቁት።

«ሀርቲሼክ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።