ወተት የተጨመረበት ገንዳ

አይጥ ተጠይቃ አትመልስም። ታስታውስ እንደሆነ ለማወቅ ያለን ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሥራ ሰጥቶ አድራጎቷን መመልከት። ታዲያ ያየነው አድራጎት የማስታወስ ውጤት መሆኑን በምን እናውቃለን? የዚህን ምርምር ታሪክ ስናነብ ያገኘነው ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተደረገ ትግል ነው።

ዊላርድ ስሞል የተባለ አሜሪካዊ በ1901 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው ጥናት አለ። በእንግሊዝ አገር የሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ያለውን የተጠላለፈ የአትክልት መንገድ አስመስሎ ለአይጦች ሠራ፤ ምግቡን መድረሻው ላይ አኖረ። አይጦቹ በተመላለሱ ቁጥር ስህተታቸው ቀነሰ። ግን በአፍንጫቸው እየተመሩስ እንደሆነ?

ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ የስኮትላንዱ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሪቻርድ ሞሪስ ነገሩን በውሃ ፈታው። ክብ ገንዳ ሞልቶ ውሃውን በወተት አደፈረሰና ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ አድርጎ የማትታይ መቆሚያ ደበቀ። ውሃ ላይ የሽታ ዱካ የለም። አይጧ መቆሚያዋን የምታገኘው በክፍሉ ዙሪያ ያሉትን ነገሮች እያየች ቦታውን ስታስታውስ ነው። ኋላ መቆሚያዋን ያወጧታል፤ አይጧ ያንኑ ባዶ ቦታ ደጋግማ ከዞረች አልረሳችም። በ1982 ሞሪስና ባልደረቦቹ፣ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸው አይጦች የተደበቀችውን መቆሚያ ለማግኘት ሲቸገሩ፣ ከውሃ በላይ ብቅ ያለችውን ግን እያዩ እንደሚደርሱባት አሳዩ። ይህች ማነጻጸሪያ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከገንዳው ትበልጣለች።

ለምን ቢሉ፣ ሞሪስ የሠራው በትልልቆቹ አይጦች ነበር። (ፈረንጆች ለትልቋና ለትንሿ የተለያየ ስም አላቸው፤ እኛ ሁለቱንም አይጥ ብለን እንገላገላለን።) በ1990ዎቹ ዘረመላቸው የተለወጠ ትንንሾቹ ወደ ገንዳው ሲገቡ ጣጣ መጣ። አንዳንዷ መዋኘቱን ትታ ዝም ብላ ትንሳፈፋለች። ሲ3ኤች የሚባለው ዝርያ ደግሞ በውርስ ዓይኑ ይጠፋል። የማታይ አይጥ መቆሚያዋን ብታጣ ረሳች ልንላት ነው? እኛ ተማሪዎች ይህ በደል ይገባናል፤ ሌሊቱን በወባ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ልጅ ወረቀት ላይም የሚጻፈው ያው ዜሮ ነው። ለመርሳት በሽታ የታሰበ መድኃኒት በእነዚሁ አይጦች ስለሚሞከር ደግሞ፣ የተሳሳተ ዜሮ ከገንዳው ዳር አይቀርም፤ እስከ በሽተኛው ይዘልቃል።

በ1999 ጆን ክራብና ሁለት ባልደረቦቹ በፖርትላንድ፣ በአልባኒና በኤድመንተን አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ዝርያዎችና አንድ ዓይነት ሰዓት ይዘው ስድስት የጠባይ ፈተናዎችን ሰጡ። ያን ያህል ተጠንቅቀውም በአንዳንዶቹ ፈተናዎች ውጤቱ እንደየከተማው ተለያየ። ዛሬ ጠንቃቃ ተመራማሪ መጀመሪያ መቆሚያዋን ከውሃ በላይ ያወጣታል። አይጧ እያየቻት ካልደረሰችባት፣ የዚያች አይጥ ዜሮ ከመርሳት ተራ አይቆጠርም።