«አቅመ ደካማ»

«አቅመ ደካማ» የሚለውን ስያሜ አብዝተን የምንሰማው በክረምት ቤት እድሳት ዜና ነው፤ እርጅናና ድህነት አንድ ላይ ተጠቅልለውበታል። በሕክምና ግን የአቅም መድከም ከዕድሜም ከኪስም የተለየ፣ የሚለካ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዋ ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው አምስት ምልክቶች አስቀመጡ፦ ሳያስቡት መክሳት፣ መዛል፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ መቀነስ። ሦስቱ የተገኙበት ሰው አቅሙ ደክሟል ይባላል፤ የሰማንያ ዓመት ብርቱ ሰው ከዚህ ውጭ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ የሚያስጨንቀው ኩላሊት ሥራውን ሊያቆም ሲቃረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በአረጋውያን መንከባከቢያ እየኖሩ ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን የማጣራት ሕክምና) የጀመሩ 3,702 ሰዎችን ተመለከተ፤ በአንድ ዓመት 58 በመቶው ሞቱ፣ የቀድሞ አቅማቸውን ይዘው የቆዩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ዲያሊሲስ ያልጀመሩ አቻዎች ለንጽጽር ስላልቀረቡ ጥፋተኛው ማሽኑ ነው ማለት አይቻልም። «ታዲያ ደካማውን ሕክምና ልትነፍጉት ነው?» የሚል ሙግትም ይነሳል፤ ተገቢ ስጋት ነው። ነገር ግን ያለ ዲያሊሲስ ማሳከኩን፣ የትንፋሽ ማጠሩንና የደም ማነሱን መከታተልም ሕክምና ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ከመዋል ጋር ሊመዘን ይገባዋል። ሐኪሞች የኩላሊትን ሥራ ከሚያሳየው የክሬቲኒን ውጤት ጎን እርምጃንም ይለኩ፤ ልጆችም ከመወሰናቸው በፊት ታማሚውን ይጠይቁ።