መርከብ በማይደርስበት አገር፦ የበጎ አድራጎት ቀዶ ሕክምናና ቢታ ገነት

መርሲ ሺፕስ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1978 ከተመሠረተ ወዲህ የሆስፒታል መርከቦቹን በድሃ አገሮች ወደቦች እያቆመ ቀዶ ሕክምና በነጻ ይሰጣል። ከመርከቦቹ አንዷ የሆነችው ግሎባል መርሲ ስድስት የቀዶ ሕክምና ክፍሎችና ሁለት መቶ ያህል አልጋዎች አሏት። የመርከቧ ጉልበት ግን በሐኪሞቿ ብቻ አይለካም፤ መብራት፣ ንጹሕ ውኃ፣ ኦክስጅን፣ ላቦራቶሪ፣ ማደንዘዣና የመሣሪያ ማምከኛ አብረዋት ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዱ በጎደለበት የገጠር ሆስፒታል፣ ባለሙያው ቢኖርም ምጥ የጠናባት እናት ወደ ሌላ ከተማ ትላካለች።

በካፋ ዞን ከቦንጋ ከተማ በስተ ምዕራብ ያለችው ቢታ ገነት ግን ወደብ የላትም። ክረምት ገብቶ ጭቃው መኪና ሲያግድ በሽተኛው በቃሬዛ ይወጣል፤ ጎረቤት እየተፈራረቀ ይሸከማል። በካፋ አንጋፋው የሪፈራል ተቋም ቦንጋ የሚገኘው የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሕመም ወደ ጅማ ያመራል። የላንሴት የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ሕዝቡ የምጥ ቀዶ ሕክምናን፣ የሆድ ቀዶ ሕክምናንና ክፍት የአጥንት ስብራት ሕክምናን በሁለት ሰዓት ውስጥ ማግኘት መቻሉን የአገልግሎት መለኪያ አድርጎ አስቀምጧል። በቃሬዛ ለሚጓዝ ሰው ሁለት ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ የቢታ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት ቀጠሮ የሚጠብቀውና የማይጠብቀው ሕመም ነው። የዓይን ሞራ፣ የከንፈር መሰንጠቅና እንቅርት የዘመቻ ቡድንን መጠበቅ ይችላሉ። የታነቀ ምጥና የተበሳ አንጀት አይችሉም።

ከሚጠብቁት መካከል በትራኮማ የመጣ የዓይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ መታጠፍ ጥሩ ማሳያ ነው። ባለሙያው የዓይን ቆቡን በመርፌ አደንዝዞ ከውስጥ በኩል ይሰነጥቅና ጠርዙን ወደ ውጭ አዙሮ ይሰፋዋል። ሥራው በጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ፣ በሠለጠነ የጤና ባለሙያ እጅ ያልቃል። የሚያስቸግረው ክሩን ለማስወጣት ሁለተኛ ጉዞ ማስፈለጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና በአማራ ክልል 1300 ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት የሐር ክርንና በራሱ የሚሟሟ ክርን አወዳድሮ፣ ሕመሙ ተመልሶ በመምጣቱ ረገድ ልዩነት አላገኘም። የሚሟሟው ክር በሽተኛውን ከዳግም ጉዞ አሳረፈው። ለካፋ ኮረብታዎች ከብዙ ውድ መሣሪያ ይልቅ እንዲህ ያለ ዕውቀት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ለማይጠብቀው ሕመም የዶክተር ካትሪን ሐምሊንና የባለቤታቸው የዶክተር ሬጂናልድ ልምድ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1959 ኢትዮጵያ የገቡት እነዚህ ባልና ሚስት በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ሥራቸው ግን በመዲናዋ አልተገደበም። ለምዕራቡ ቅርብ የሆነው መቱ ማዕከል ተጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ይህም በታነቀ ምጥ የሚመጣውን ፌስቱላ መጠገን ብቻውን እንደማይበቃና ምጡ ሳይታነቅ የሚደርስ አዋላጅ እንደሚያስፈልግ ስለታወቀ ነው። ካፋ ውስጥ ራሱ፣ ጪሪ ላይ፣ ላልምባ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ጤና ጣቢያ እያንቀሳቀሰ ማኅበረሰቡን ያገለግላል። ጎብኝቶ ከመመለስ እዚያው ኖሮ የማገልገልን መንገድ እመርጣለሁ።

መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2009 ጤና መኮንኖችን በሦስት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ጀመረ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞች አንዱ ነበር። በእነዚህ ባለሙያዎች እጅ የሚደረግ የምጥ ቀዶ ሕክምና የገጠር እናቶችን ይታደጋል፤ ሆኖም አንድ ባለሙያ ያለ ማደንዘዣ ባለሙያ፣ ያለ ኦክስጅንና ያለ ደም ምንም ማድረግ አይችልም። ወደ ቢታ ገነት የሚመጣ ለጋሽ ቡድን በሳምንት ስንት ሰው እንዳከመ ከመቁጠሩ በፊት፣ ከሄደ በኋላ ቁስሉን የሚያየው፣ ያመረቀዘውን የሚከፍተውና ሌሊት የመጣችውን ምጥ የያዛትን እናት የሚቀበለው ማን እንደሆነ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር በጽሑፍ ሊስማማ ይገባል። ገንዘቡም መጀመሪያ ለዚያ ሰው ደመወዝ፣ መኖሪያና መሣሪያ ይዋል።