ምጽዋት ሳይሆን ገበያ፦ የትንሽ ብድር ታሪክ ከጆብራ እስከ ላሆር



ብዙዎቻችን ሶደቃ መስጠት አይከብደንም። ማበደር ግን ይከብደናል። የሰጠነውን ብር በነጋታው እንረሳዋለን፤ ያበደርነውን ግን እያሰብን እናድራለን። ዛሬ የምናነሳው ታሪክ በዚህ በሚከብደን ነገር ላይ የተሠራ ነው። ምጽዋት ሳይሆን ትንሽ መነሻ ስለፈለጉ ሰዎችና ስላመኗቸው ሰዎች ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከባንግላዲሽ እንጀምር። አገሪቱ በ1971 ነጻ ወጣች፤ በ1974 ከባድ ረሃብ መታት። ሙሐመድ ዩኑስ ያኔ በቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህር ነበሩ። ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩት ትምህርትና ከግቢው ውጭ የሚያዩት ረሃብ አልገናኝ አላቸው። ስለዚህ አጠገባቸው ወዳለችው ጆብራ መንደር እየሄዱ ድሆቹን ራሳቸውን መጠየቅ ጀመሩ።

እዚያም የቀርከሃ በርጩማ የምትሠራ አንዲት እናት አገኙ። ለቀርከሃው መግዣ 5 ታካ ያስፈልጋታል፤ የላትም። ከነጋዴ ትበደራለች፤ በምላሹ የሠራችውን በርጩማ ለዚያው ነጋዴ፣ እሱ በቆረጠው ዋጋ ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ ለፍታ የሚተርፋት ግማሽ ታካ ብቻ ነበር። ይህች ሴት ሙያ አላጣችም፤ ስንፍናም የለባትም። ያጣችው 5 ታካ ነው።

እንደሷ ያሉት ሲቆጠሩ 42 ሰዎች ሆኑ። ለሁሉም በአንድ ላይ የሚያስፈልገው 856 ታካ፣ በጊዜው 27 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ዩኑስ በ1976 ይህን ገንዘብ ከኪሳቸው አበደሩ። ቀጥለው ባንክ እንዲያበድራቸው ቢጠይቁ፣ ድሆቹ ማስያዣ የላቸውም ተባሉ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ዋስ ሆኑ። ድሆቹም ብድራቸውን ከፈሉ። ሥራው አድጎ በ1983 ግራሚን ባንክ ሆነ፤ በ2006 ደግሞ ዩኑስና ባንኩ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋሩ።

ግራሚን የቤት ካርታ አልጠየቀም። ተበዳሪዎቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ አምስት አምስት ሆነው ይቧደናሉ፤ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ጥቂት ጥቂት ይከፍላሉ። እቁብ ሲጣል እያየ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕጣ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው እንዲጥል የሚያደርገው በሰፈሩ ያለው ስሙ ነውና።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። የግራሚን ብድር ወለድ አለው፤ የሥራ ብድሩ በዓመት 20 በመቶ ይታሰብበታል። ከመንደር አራጣ አበዳሪ በእጅጉ ያንሳል፤ ወለድ ግን ወለድ ነው። መንገዱን ከተከተሉት መካከል ደግሞ ትርፍ ፍለጋ የገቡ ነበሩ። በህንድ አንድራ ፕራዴሽ አንዱ ቤተሰብ ከበርካታ ተቋማት እየተበደረ የአንዱን ዕዳ በሌላው ይከፍል ጀመር። ሰብሳቢዎች በየደጁ ማዋከብ ያዙ። በ2010 ራሳቸውን ያጠፉ ተበዳሪዎች ዜና አገሩን አናወጠ፤ የክልሉ መንግሥትም አበዳሪዎቹን የሚገድብ ሕግ ለማውጣት ተገደደ። ለድሃ መውጫ ይሆናል የተባለው ብድር አንገት ላይ የሚጠብቅ ገመድ ሆነ።

ሌላ መንገድ አልነበረም? ነበር። በ2001 በፓኪስታን ላሆር ከተማ ዶክተር አምጃድ ሳቂብ የተባሉ የመንግሥት ሠራተኛ ከወዳጆቻቸው ጋር አንድ ሙከራ ጀመሩ። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት እርዳታ አልጠየቀችም፤ የፈለገችው ወለድ የሌለበት ብድር ነበር። 10,000 ሩፒ ተሰጣት። በወራት ውስጥ ሙሉውን መለሰች፤ ገንዘቡም ለሌላ ሰው ተላለፈ። እንዲህ ተብሎ «አኹወት» የተባለው ድርጅት ተወለደ።

ስሙ የተወሰደው ሁላችንም ከምናውቀው ታሪክ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሙሃጅሮችንና አንሷሮችን ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ የሀብቱን ግማሽ ሊያካፍለው አቀረበለት። ዐብዱረሕማን ግን ዱዓ አድርጎለት ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀ። ጆብራ ያለችው በርጩማ ሠሪም፣ ላሆር ያለችው እናትም የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ የገበያውን መንገድ።

አኹወት ቀርዱል ሐሰን ያበድራል። ብድሩ የሚሰጠው በመስጂድ ውስጥ፣ በሰው ፊት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን የሚሰጥበትም ጊዜ አለ። ተበዳሪው በሃይማኖቱ አይለይም። መስጂዱ የአዳራሽ ኪራይ ያስቀራል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቃል የተገባበት ቦታ ይሆናል። ከተበዳሪዎቹ ራሱን የቻለ ደግሞ በተራው ለጋሽ እንዲሆን ይበረታታል። ዶክተር ሳቂብ በ2021 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማትን አግኝተዋል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ወጪ የሌለው ብድር የለም። ቢሮ፣ ሠራተኛ፣ ሳይመለስ የሚቀር ገንዘብም አለ። ጥያቄው ይህን ማን ይሸከም ነው። አንዱ መንገድ በድሃው ላይ ይጭነዋል፤ አኹወት ያለው በሚለግስ ሁሉ ትከሻ ላይ እንዲከፋፈል አደረገ፤ ኋላም የፑንጃብ መንግሥት ገንዘብ ጨመረበት። ከወለድ ነጻ የሚለው ቃል በወረቀት ላይ እንዳይቀር፣ ከኋላው የሚለግስ ጀማዓ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ብድር ተአምር እንዳልሆነም እንወቅ። በ2015 ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አብረው ታትመው ነበር። ትንሽ ብድር ለሥራ መስፋት በመጠኑ ቢረዳም፣ በአማካይ የቤተሰቦችን ኑሮ እንዳልለወጠ አሳይተዋል። ሁሉም ሰው ነጋዴ አይደለም። ለታመመና ለተራበ ሰው የሚገባው ሶደቃና ዘካ እንጂ ዕዳ አይደለም። ብድር የሚጠቅመው እጁ ላይ ሙያ፣ ፊቱ ላይ ገበያ ላለው ነው።

በአገራችን ብዙ ሙስሊም ወለድን እየፈራ ከብድር ርቆ ኖሯል። የመጀመሪያው ሙሉ ለሙሉ ከወለድ ነጻ ባንክ፣ ዘምዘም፣ ሥራ የጀመረው በ2021 ነው። ሆኖም የጀበና ቡና ለመጀመር የምታስብ እህት፣ የልብስ ስፌት መኪና የጎደለው ወንድም ባንክ በር ላይ ላይደርሱ ይችላሉ። እኛ ጋር ግን ይደርሳሉ። ጎረቤቶቻችን ናቸው።

የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ዕዳ ነው፤ ጊዜው ተወስኖ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆም ያዛል። ከሁለት አንቀጽ በፊት ደግሞ የተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ እንዲሰጠው፣ መማር ደግሞ የበለጠ እንደሆነ ይነግረናል። ሁለቱን አብረን እንያዛቸው። ስናበድር እንጻፍ፤ ሲቸግረው እንታገሥ። ስንበደር ደግሞ የምንመልሰው ብር ወረፋ ለሚጠብቅ ለሌላ ሰው መነሻ መሆኑን አንርሳ።

ወላሁ አዕለም።