ከጅሬን እስከ ባሮ፦ የቡናው ምድር የወንዝ ወደብ

ጅማን ለአንድ ቀን ለማየት የሚመጡ ባልና ሚስት መንገዳቸው የታወቀ ነው። ቦሳ ኪቶም ይረፉ መርካቶ አካባቢ፣ ጠዋት ባጃጅ ይዘው ወደ ጅሬን ይወጣሉ። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተው ወደ ሙዚየሙ ይወርዳሉ፤ ከምሳ በኋላ ቦዬ ሄደው ጉማሬ ይጠብቃሉ። መልካም ቀን ነው። ሆኖም ከጅሬን ኮረብታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ከተማዋን ለሚያይ ሰው ሊነሣለት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። መኪና ባልነበረበት ዘመን የዚህ ምድር ቡና በየት በኩል ነበር ባሕር የሚደርሰው?

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ ነበሩ። ለምኒልክ ቀድመው ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን በእጃቸው ስላቆዩ፣ አገራቸው በጦርነት አልጠፋችም፤ ነጋዴውም አልተበተነም። ከጅሬን ግርጌ ያለው የሂርማታ ገበያ ከደቡብ ምዕራቡ ሁሉ ሰው የሚሰበሰብበት ነበር። ከከፋ፣ ከሊሙና ከጎማ ጭነት ይመጣል፤ በቅሎዎች ይራገፋሉ፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይለወጣል። የዛሬዋ ጅማም ያደገችው በዚያ ገበያ ላይ ነው።

ከዚህ አካባቢ ቡና ሁለት መውጫ ነበረው። አንዱ ጊቤን ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እስከ ጅቡቲ ነው። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የጅማ ነጋዴ በአብዛኛው ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ሁለተኛው መንገድ ግን ተረስቷል፤ በእኔ እምነት ሊረሳ የማይገባው እርሱ ነው። ወደ ምዕራብ በበደሌና በመቱ በኩል ጎሬ ይደርሳል፤ ከጎሬ በቡሬ በኩል ደጋውን ጨርሶ ወደ ቆላው ይወርዳል። መጨረሻው ባሮ ዳር ያለችው ጋምቤላ ናት። ለኢሉባቦርና ለወለጋ ቡና ዋናው በር ይህ ነበር።

የጋምቤላ ወደብነት የሚጀምረው ከአንድ ውል ነው። ምኒልክና የእንግሊዙ ተወካይ ጆን ሌን ሃሪንግተን እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 የሱዳንን ወሰን ሲፈራረሙ፣ በባሮ ዳር ኢታንግ አጠገብ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለእንግሊዝና ለሱዳን መንግሥታት ተፈቀደ። ውሉ ቦታውን በጥንቃቄ ለክቶታል። በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር አይበልጥም፤ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ አይውልም። በመጨረሻ ጣቢያው የቆመው ከኢታንግ ወደ ላይ ባለችው ጋምቤላ፣ በአኙዋኮች ምድር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ወደቡና ጉምሩኩ ሥራ ጀመሩ። ከባሮ ወደ ሶባት፣ ከሶባት ወደ ነጭ ዓባይ፣ ከዚያ ካርቱም፤ ከካርቱም በባቡር ፖርት ሱዳን። ከጎሬ ጫካ የተለቀመ ቡና ቀይ ባሕርን የሚያየው እንዲህ ዞሮ ነበር።

የዚህ ወደብ አሠራር እጅግ ይደንቀኛል። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ሲሞላ፣ በግምት ከሰኔ እስከ ኅዳር ብቻ ነው። የበቅሎው መንገድ ግን የሚያስኬደው በበጋ ነው፤ በክረምት ጭቃውና ሙላቱ አያሳልፉም። ስለዚህ ሁለቱ ጉዞዎች አይገናኙም። ነጋዴው በበጋ ቡናውን፣ ሰሙንና ቆዳውን አውርዶ ጋምቤላ መጋዘን ያስገባል፤ ገንዘቡም አብሮ ይታሰራል። ዝናቡ ሲጥልና ወንዙ ሲያብጥ በእንጨት የሚነዱት የእንፋሎት መርከቦች በጎናቸው ጀልባ አስረው ይደርሳሉ። ጨውና አቡጀዲ ያራግፋሉ፣ ቡና ይጭናሉ። ውኃው ሳይጎድል መመለስ ግድ ነው፤ የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ግሪኮችና ሶርያውያን ሱቅ የከፈቱት፣ ጎሬም ቆንስላ የተቀመጠባት ከተማ የሆነችው ይህ ንግድ ስቧቸው ነው።

ወንዙ የጦርነት መንገድም ሆኗል። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ጎሬ ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች በዓባይና በባሮ በኩል ጋምቤላ ደርሰው ወደ ደጋው ወጡ፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራም ሐምሌ ውስጥ ሳዮ፣ ማለትም ደምቢዶሎ ላይ እጁን ሰጠላቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሱዳን ነፃ ስትወጣ ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። ያን ጊዜ ግን መኪና ያወጣው ቡና ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዙሯል፤ በሱዳን የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነትም ወንዙን አላሳረፈውም። መርከቡ እየሳሳ ሄዶ ቀረ።

ወደ ጥንዶቻችን ልመለስ። ጅማ ውስጥ መርከብ የለም፤ ቦዬም የሚታየው ከዳር ቆሞ ነው። በውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚፈልጉ ከሆነ ዕረፍታቸውን አራዝመው በመቱና በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይውረዱ። ያ መንገድ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ከጫካ ቡናው ደጋ ተነሥተው፣ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ የምትል ሞቃት ከተማ ይደርሳሉ፤ የበቅሎ ነጋዴውን ድካም በአካል ይረዱታል። ባሮ ላይ በጀልባ ሲወጡ አዞ መኖሩን የሚያውቅ የአገሬው ሰው ይቅዘፍላቸው።

ለጅማ ሙዚየም ኃላፊዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። የአባ ጅፋር ዕቃዎች በክብር መቀመጣቸው ደስ ይላል። ከእነርሱ ጎን ከሂርማታ እስከ ጎሬ፣ ከጎሬ እስከ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ እስከ ካርቱም ያለውን መንገድ የሚያሳይ አንድ ትልቅ ካርታ ይሰቀል። በጅማና በጋምቤላ ያሉ አዛውንት የሚያስታውሱትም አሁኑኑ ይቀረጽ። እናንተም በሚቀጥለው ጉብኝታችሁ ጅሬን ላይ ስትቆሙ አስጎብኚውን ስለ ባሮ ጠይቁት።