ድንኳንና ጽድ፦ በጥንታውያን ዛፎች መካከል የሰፈረው ከተማ

በክረምት ወራት ከእንጦጦና ከወጨጫ ተራሮች የሚነሣው ጎርፍ ትልቁንና ትንሹን አቃቂ ሞልቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ የቃሊቲንና የአቃቂን ሜዳ አቋርጦ የሚያልፈው ውሃ የአፈር መልክ አለው። ይህ ውሃ የሚያርፍበት የአባ ሳሙኤል ግድብ በደለል ተሞልቶ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ለብዙ ዓመታት ሥራ እስከ ማቆም የደረሰ መሆኑ ይታወቃል። ደለሉ ከላይ የመጣ አፈር ነው፤ አፈሩን ይዞት ይኖር የነበረው ደግሞ የዛፍ ሥር ነው። ስለዚህ በቃሊቲ ሜዳ ላይ የሚፈሰውን ድፍርስ ውሃ ምንጩ ድረስ ተከትሎ የሄደ ሰው የሚደርሰው ወደ ተራራው ብቻ ሳይሆን፣ በተራራው ላይ ድንኳን ተክሎ ወደ ኖረው ሠራዊትና ቤተ መንግሥት ታሪክ ጭምር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ታሪክ ከነገሥታቱ ድንኳን ሳይሆን ድንኳኑ ከተተከለበት ደን አንጻር መመርመር ነው።

ቃሉ የደበቀው ታሪክ

«ከተማ» የሚለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ የሚሰጠውን ትርጉም ከመያዙ አስቀድሞ የዘመተ ሠራዊት ጉዞውን ገትቶ የሚሰፍርበትን ቦታ ያመለክት ነበር። «ሰፈር» የሚለውም ቃል እንዲሁ «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው። የሹመት ስሞቻችንም ቢሆኑ የዚሁ የሰፈር ሥርዓት ልጆች ናቸው። ፊታውራሪው ከፊት ቀድሞ ይመራል፤ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ ይሰለፋል፤ ደጃዝማቹ ደጁን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ስያሜ የተወለደው በተገነባ ግንብ ውስጥ ሳይሆን በሜዳና በደን ዳር በተዘረጋ ሸራ መካከል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ያየውን የቤተ መንግሥት ሰፈር በዝርዝር ጽፎ ትቷል። በርሱ ገለጻ ሰፈሩ ሥርዓት የሌለው የድንኳን ክምር አልነበረም። የንጉሡ ድንኳኖች በመካከል፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ፣ የፍርድ ሸንጎው፣ የመኳንንቱና የገበያው ቦታዎች ደግሞ በየወገናቸው የተወሰኑ ነበሩ። ሰፈሩ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሲተከል እያንዳንዱ ሰው ቦታውን ማንም ሳያሳየው ያገኝ ነበር። ጉዞው ሲጀመር ታቦታቱ ይነሣሉ፤ ዙፋኑ ይጫናል፤ መዲናይቱ በበቅሎና በሰው ጀርባ ላይ ሆና ትሄዳለች።

ይሁን እንጂ የታሪክ ጸሐፊዎች ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በቀዩ ድንኳንና በነጋሪቱ ላይ ነው። ድንኳኑን የተሸከመው፣ ካስማውን የቆረጠው፣ ውሃውን የቀዳው፣ እንጨቱን የለቀመው እጅ ግን ስም አልተጻፈለትም። ከሠራዊቱ ኋላና ጎን የሚጓዙት እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ጠጅ ጣዮች፣ ወፍጮ ፈጪዎች፣ ጫኞችና አንጣሪዎች ባይኖሩ ኖሮ ሰፈሩ አንድ ቀን ውሎ አያድርም ነበር። ከነዚህም አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። የሰፈሩ ሕይወት የተመሠረተው በሦስት ጉልቻ ላይ ነበር፤ ጉልቻው ደግሞ በየዕለቱ እንጨት ይጠይቃል።

ሰፈሩ ለምን ይነሣ ነበር

የቤተ መንግሥቱ ሰፈር ከቦታ ቦታ የሚዘዋወርበት ምክንያት ብዙ ነው። ግብር መሰብሰብ፣ ሽፍታን ማስገበር፣ ዳር አገሩን መቃኘት፣ የንጉሡን ኃይል ለሕዝቡ በዓይን ማሳየት ከምክንያቶቹ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሮናልድ ሆርቫት የተባለው የመልክዓ ምድር ሊቅ ስለ ኢትዮጵያ ተዘዋዋሪ መዲናዎች ባሳተመው ጥናት ጉዳዩን በሰፊው መርምሮታል። ከፖለቲካው ምክንያት ጎን ለጎን ቁሳዊው ምክንያት መዘንጋት የለበትም፤ ብዙ ሺህ ሰውና ከብት በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የአካባቢው እህል፣ ሣርና ማገዶ ያልቃል። እህል በገባሩ ትከሻ ከሩቅ ሊመጣ ይችላል። ሣርም በሚቀጥለው ክረምት ይበቅላል። ጽድና ዝግባ ግን አንድ ጊዜ ከተቆረጡ ለመተካት የሰው ዕድሜ አይበቃቸውም። በመሆኑም ከሦስቱ ሁሉ የከፋው የእንጨቱ እጦት ነበር።

ሰፈሩ ሲነሣ መኳንንቱ አዲስ ደንና አዲስ ሜዳ ወዳለበት ይሄዳሉ። ገበሬው ግን ከተራቆተው ኮረብታ ጋር እዚያው ይቀራል። ለአንደኛው ወገን የቦታ ለውጥ የነበረው ለሌላው ወገን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዕዳ ነበር። የተዘዋዋሪው መዲና ታሪክ ሲጻፍ ይህ ልዩነት ከፊት መቅደም ይገባዋል።

የመናገሻ ደን

ከዚህ ከተለመደው አካሄድ ወጣ ያለ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ቁመቱ ከ3300 ሜትር በላይ በሆነው በወጨጫ ተራራ ጥግ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ በማየታቸው በአንኮበር አቅራቢያ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዲተከል አዘዋል። እኚሁ ንጉሥ በዘመናቸው መጨረሻ መዘዋወሩን ትተው በደብረ ብርሃን ለዓመታት በአንድ ቦታ መቀመጣቸውን ስናስታውስ፣ ትውፊቱ ከንጉሡ ጠባይ ጋር የሚጋጭ አይደለም። አንድ ቦታ ለመቀመጥ ያሰበ መንግሥት ስለ ነገ ማገዶ ማሰብ ይኖርበታልና።

በሌላ በኩል ጽድ በደጋው አገራችን በራሱ የሚበቅል ዛፍ ነው። ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ከፍ ሲልም ኮሶውና አስታው በሰው እጅ ብቻ የመጡ ናቸው ማለት አያስኬድም። ስለዚህ ትውፊቱን እንደ ቃል በቃል ማስረጃ ሳይሆን፣ ደኑ በሕግና በጥበቃ ሥር የቆየ መሆኑን የሚመሰክር የሕዝብ ትዝታ አድርጎ መውሰዱ የተሻለ ነው። ጥበቃው ባይኖር ኖሮ የመቶ ዓመታት ዕድሜ ያላቸው ጽዶች የምኒልክ ድኩላና ጉሬዛ ተጠልለውባቸው እስከ ዘመናችን ባልቆሙም ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ደኑ የተጠበቀው ለማን ነበር? ቀድሞ ደን የሚከለለው ለአብዛኛው ለቤተ መንግሥት፣ ለአደንና ለታላላቅ አዳራሾች አውራጅና ምሰሶ ነበር። ጭሰኛው በደኑ ዳር እየኖረ ለጎጆው ማገር ለመቁረጥ የሚፈራ፣ ለጌታው ግን ግንድ እየጎተተ የሚያደርስ ሰው ነበር። ደኑን ያቆየው የንጉሥ ቃል እንደሆነ ሁሉ፣ ያንን ቃል በትከሻው የከፈለውም ይኸው ገበሬ ነው። ለሁለቱም ተገቢው ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል።

የመጨረሻው ሰፈር

በ1628 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ሲመሠርቱ ተዘዋዋሪው መዲና ለረጅም ጊዜ ማረፊያ አገኘ። ሆኖም የጎንደር ኃይል ከተዳከመ በኋላ ድንኳኑ እንደገና ተነሥቷል። በሸዋም ዐፄ ምኒልክ ከአንድ ተራራ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ቆይተው በእንጦጦ ላይ ከተሙ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንግሥ በዓላቸው የተከበረውም በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ በፊት እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አጠገብ ድንኳን አስተክለው በ1879 ዓ.ም. ቦታውን አዲስ አበባ ብለው መሰየማቸው ይታወቃል። ስለዚህ አዲስ አበባ በመጀመሪያ የድንኳን ሰፈር ነበረች። በየኮረብታው የሰፈሩት መኳንንት ስም ዛሬም በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና በደጃች ውቤ ሰፈሮች ይታወሳል። ሠራተኛ ሰፈርም የእጅ ባለሙያውን ትዝታ ይዟል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የጥንቱ ዕዳ ተጠየቀ። በእንጦጦና በአካባቢው የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ አለቀ። እንጨት ለቃሚዎች የቀን መንገድ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ዐፄ ምኒልክም እንደ ቀደሙት ነገሥታት መዲናውን ለማንሣት አሰቡ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ከመናገሻ ደን አልፎ በስተምዕራብ፣ በአዲስ ዓለም አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ብዙ የውጭ አገር ሰዎችም አዲስ አበባ በቅርቡ ባዶ ትሆናለች ብለው ጽፈው ነበር።

ነገር ግን ሁኔታው ተለውጦ ነበር። በመዲናይቱ የድንጋይ ቤቶች ቆመዋል፤ ሌጋሲዮኖች ተሠርተዋል፤ ገበያው ሥር ሰዷል። ከሁሉም በላይ ከአውስትራሊያ የተገኘው ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ገብቶ መስፋፋት ጀምሯል። ለማስገባቱ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ጽድ አንድ ምዕት ዓመት የሚፈጅበትን ቁመት ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያገኘዋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በዚህ ምክንያት ድንኳኑ ሳይነሣ ቀረ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ለቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለብዙ መቶ ዓመታት ይዘዋወር የነበረውን መዲና በአንድ ቦታ ከተከሉት ኃይሎች ዋነኛው አንድ የባዕድ ዛፍ መሆኑ በታሪካችን ውስጥ ልዩ ስፍራ የሚሰጠው ነው።

ባሕር ዛፍ ያለ ነቀፌታ አልተቀበሉትም። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም በሚል ምክንያት በ1905 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ ሐር ትል በሚመገበው ዛፍ እንዲተካ ታዝዞ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። ማገዶ የሚያስፈልገው ሕዝብ የሚያነድደውን ዛፍ በአዋጅ ብቻ እንደማይነቅል ከዚህ መማር ይቻላል። ከእንጦጦ ቁልቁል ጀርባቸው ጎብጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የሚያወርዱት ሴቶችም የጥንቱ ሰፈር እንጨት ለቃሚዎች ወራሾች ናቸው።

ዱር ቤቴ

የደንና የሰፈር ታሪክ በነገሥታቱ ድንኳን አያበቃም። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትይዝ፣ እጁን ለመስጠት ያልፈቀደው ኢትዮጵያዊ «ዱር ቤቴ» ብሎ ወጣ። ይህ አነጋገር በሁለት ቃል አንድ ሙሉ ታሪክ ይዟል፤ ቤት የተባለው ጣሪያ ያለው ሳይሆን ነጻነት ያለበት ነው ማለት ነውና። በሸዋ አበበ አረጋይ፣ በጅባትና በወሊሶ በኩል ገረሱ ዱኪ የመሩት አርበኛ የሰፈረው በደንና በገደል ነበር።

ይህ ሰፈር ከቀድሞው የቤተ መንግሥት ሰፈር ጋር በመልኩ ተቃራኒ ነበር። የንጉሡ ድንኳን ከሩቅ እንዲታይ ይተከል ነበር፤ የአርበኛው ጎጆ እንዳይታይ ይደበቃል። በዚያኛው ሰፈር የእሳት ብዛት የክብር ምልክት ነበር፤ በዚህኛው ግን አንዲት የጭስ ዘንግ አውሮፕላን ትጠራለች። ያኛው ዛፉን ቆርጦ ይኖር ነበር፤ ይኸኛው ዛፉ በመቆሙ ይኖራል። ከከተማ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ እየደበቁ የሚያወጡት ውስጥ አርበኞች፣ ስንቅ የሚያቀብሉት የገጠር ሴቶችና ገበሬዎች ባይኖሩ ደኑ ብቻውን ማንንም ባላዳነ ነበር። ነገር ግን ኮረብታው ሁሉ የተራቆተ ቢሆን ኖሮ የእነዚህ ሁሉ ጀግንነት ምን ጥላ ያገኝ ነበር? ሳይቆረጥ የቀረው ደን በዚያ በአምስቱ ዓመት ለአገር ነጻነት ግንብ ሆኖ አገልግሏል።

ማጠቃለያ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ታላላቅ ደኖችም ከግል ይዞታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮረብታ በዘመቻ ተተክሏል፤ በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ጊዜ ብዙው ተጨፍጭፏል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም በአረንጓዴ አሻራ ስም እንደገና በስፋት መተከል ተጀምሯል። ከዚህ ውጣ ውረድ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በአዋጅ የተተከለ ዛፍ አዋጁ ሲሻር አብሮ ሊሻር ይችላል። ዘላቂ የሚሆነው በዳሩ የሚኖረው ገበሬ የእኔ ነው የሚለው ደን ብቻ ነው።

በወጨጫ ጥግ የቆሙት ጽዶች ብዙ ድንኳን ሲተከልና ሲነቀል አይተዋል። የተከላቸው ንጉሥ ቢሆን፣ ያበቀላቸው ተፈጥሮ ቢሆን፣ የጠበቃቸው የሰው እጅ ነው። በነርሱ ሥር የሚሰርገው ዝናብ ጥርት ብሎ ምንጭ ይሆናል፤ እነርሱ በሌሉበት የሚወርደው ግን አፈሩን ይዞ፣ ድፍርስ ሆኖ፣ በቃሊቲ ሜዳ በኩል ያልፋል። ሁለቱን ውሃዎች አስተያይቶ የተመለከተ ሰው የሰፈርና የደን ታሪክ ገና ያልተዘጋ ሒሳብ መሆኑን ይገነዘባል።